ከቀባሪነት ወደ ተንከባካቢነት፦ ዕድርና ቤተሰብ በአዲስ አበባ የኤች አይ ቪ መከላከል ታሪክ

በአዲስ አበባ መንደሮች ማለዳ ላይ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ነዋሪው ከመኝታው ሳይወርድ «ማን ሞተ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጥሩምባው ደጋግሞ ይሰማ ጀመር፤ የሚጠራውም ስም ብዙውን ጊዜ የወጣት ወይም የጎልማሳ ነበር። ይሁን እንጂ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሁለተኛው ጥያቄ፣ «በምን ሞተ?» የሚለው፣ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጮክ ተብሎ አይጠየቅም። ቢጠየቅም መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ «የሳንባ በሽታ ነው»፣ ወይም «በርድ መትቶት ነው» ይባላል።

የከተማዪቱ ሰፈሮች ኤች አይ ቪን ለመከላከል ያደረጉት ጥረት ታሪክ በአመዛኙ የዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄው መልስ ባላገኘባቸው ዓመታት ትምህርቱ ብዙ፣ የባሕርይ ለውጡ ግን ጥቂት ነበር። መልስ ማግኘት የጀመረው ሙታንን ለመቅበር የተቋቋመው ዕድር በሕይወት ወዳሉት ሕሙማን ቤት መግባት ሲጀምር ነው። ይህ እንዴት እንደሆነ፣ ምን እንዳስገኘና የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ዛሬም በጤና ጣቢያና በቤት ለቤት ጉብኝት ለተሰማራ ባለሙያ ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት

በሽታው በሕክምና ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በ1981 በአሜሪካ ነው። በኢትዮጵያ ቫይረሱ መኖሩ የተረጋገጠው በ1984 ከተሰበሰበ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 በአዲስ አበባ ተመዘገቡ። መንግሥት በ1985 ግብረ ኃይል ያቋቋመ ሲሆን፣ በ1987 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር የኤድስ መቆጣጠሪያ መምሪያ ተደራጀ። በ1988 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል የታዩ ሰባት ሕሙማንን የሚመለከት ጽሑፍ አወጣ።

ከሰባት ሕሙማን ወደ ሰፊ ወረርሽኝ ለመድረስ ብዙ ዓመታት አልወሰደም። በ1994 በአዲስ አበባ ነዋሪዎች መካከል በተደረገ የደም ጥናት ከጎልማሳ ወንዶች 6 በመቶው፣ ከሴቶች 7 በመቶ ገደማው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በ1995 ደግሞ በመሐል ከተማ ጤና ጣቢያዎች ለእርግዝና ክትትል ከመጡት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት ከሆኑ ሴቶች መካከል በቫይረሱ የተያዙት 24 በመቶ ያህል ነበሩ። ይህ ማለት ለክትትል ከተሰለፉ አራት ወጣት እናቶች አንዷ ማለት ነው።

በእነዚያ ዓመታት የመከላከል ሥራው ዋና መሣሪያ መልእክት ማሰራጨት ነበር። ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ሥዕሎች፣ የሬዲዮ ማስታወቂያዎችና የትምህርት ቤት ክበባት መታቀብን፣ ለአንድ መወሰንንና ኮንዶምን አስተማሩ። ዲ ኬ ቲ ኢትዮጵያ ከ1990 ጀምሮ ሥራውን ሲያስፋፋ «ሕይወት ትረስት» የተሰኘው ኮንዶም እስከ መንደር ሱቅ ደረሰ። ሕዝቡም የመተላለፊያ መንገዶቹን በቃሉ እስኪያጠና ድረስ ሰማ።

ነገር ግን ከመልእክቶቹ ብዙዎቹ የቆሙት በፍርሃት ላይ ነበር። ኤድስ በአጽምና በሞት ምስል ተሣለ፤ የሴተኛ አዳሪዎች፣ የረጅም ርቀት ሾፌሮችና የወታደሮች ጉዳይ ተደርጎም ተወራ። በመሆኑም የቤት ባለቤት የሆነው አባወራና ከቤቷ የማትወጣው እመቤት በሽታው የሌላ ሰው መሰላቸው። በበሽታው የተያዘው ሰው ደግሞ ራሱን ቢገልጥ ምን እንደሚጠብቀው ያውቅ ስለነበር ዝምታን መረጠ። ምርመራው በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ብቻ ይሠራ ስለነበር ውጤት ለመስማት መመላለስ ያስፈልጋል፤ ተመርምሮ ያወቀ ሰውም የሚሰጠው መድኃኒት አልነበረም። ዝምታው እንግዲህ ያለማወቅ ብቻ ውጤት አልነበረም። ማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት እንጂ የሚያስገኘው ጥቅም ባለመታየቱ የተመረጠ ዝምታ ነው።

ዕድር ያየው

ዕድር ከአዲስ አበባ ከተማነት ጋር አብሮ ያደገ፣ ነዋሪው በራሱ ገንዘብና በራሱ ደንብ የሚያስተዳድረው የመረዳጃ ተቋም ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ወርኃዊ መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሃን ያከማቻል። አባል ሲሞት አስከሬን ያስወጣል፣ ለቅሶ ቤቱን ያስተናግዳል፣ ለቀብር ያልመጣውን ይቀጣል። የሴቶች ዕድሮችም በየሰፈሩ እንጀራውንና ወጡን በማዘጋጀት፣ ሐዘንተኛዋን በማጽናናት የሥራውን ትልቅ ድርሻ ይሸከማሉ። ከቀበሌ መዋቅርም ሆነ ከጤና ተቋም በተለየ፣ ዕድር የሚታመነው ማንም ከላይ ያልጫነው በመሆኑ ነው።

በዚህ ምክንያት የወረርሽኙን ክብደት ከሐኪሙ ቀድሞ የተረዳው የዕድሩ ጸሐፊ ነበር። መዝገቡ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ባል፣ ቀጥሎም ሚስት ይሰረዛሉ፤ መዋጮው ከወጪው ጋር መመጣጠን ያቅተዋል፤ ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ልጆች መዋጮ መክፈል ባለመቻላቸው ከአባልነት ይወጣሉ። ዕድሮች መዋጮ ከፍ በማድረግ ችግሩን ለመቋቋም ሞከሩ፤ መንሥኤውን ግን በስሙ አልጠሩትም።

ዝምታውን በቁጥር ያሳየው በየካቲት 2001 በከተማዪቱ መካነ መቃብሮች የተጀመረው የሞት ምዝገባ ጥናት ነው። አብዛኛው ሰው በቤቱ በሚሞትበትና የሞት ምክንያት በሐኪም በማይረጋገጥበት ሁኔታ፣ ተመዝጋቢዎች በቤተ ክርስቲያንና በእስልምና መቃብር ቦታዎች ተቀምጠው ቀባሪዎችን ስለ ሟቹ ዕድሜ፣ አድራሻና የሞት ምክንያት ጠየቁ። ቀባሪው «ኤድስ» የሚለውን ቃል የሚጠራው ከስንት አንዴ ነበር። ይሁን እንጂ «የሳንባ በሽታ»፣ «በርድ» እና መሰል ምላሾች ከሆስፒታል መዛግብትና ከቤተሰብ ቃለ መጠይቅ ጋር ሲነጻጸሩ፣ ከኋላቸው ያለው በብዛት ኤድስ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ዘዴ የተሠራው ግምት ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 54 ዓመት ከሆኑት ሟቾች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በኤድስ መሞታቸውን አመለከተ። ከዚህ የምንረዳው ቤተሰቡ እውነቱን ያውቅ እንደነበር ነው፤ የጎደለው እውነቱን ያለ ኀፍረት የሚናገርበት ቦታ ነበር።

በሽታው ፊት ሲያገኝ

ይህን ቦታ በመጀመሪያ የከፈቱት ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ናቸው። በ1997 መቅድም፣ በ1998 ደግሞ ተስፋ ጎህ የተሰኘው ማኅበር ተመሠረቱ። አባሎቻቸው በትምህርት ቤቶች፣ በመሥሪያ ቤቶችና በዕድር ስብሰባዎች ቆመው ስለ ራሳቸው ሕይወት ተናገሩ። በዘመኑ ይህን ማድረግ ሥራን፣ የተከራዩትን ቤትና የቤተሰብን ፍቅር የሚያሳጣ ድፍረት ነበር። አጽም ሆኖ የተሣለው በሽታ ግን በዚህ አኳኋን ስም፣ ፊትና ጎረቤት አገኘ። በ1998 ብሔራዊ የኤች አይ ቪ/ኤድስ ፖሊሲ ወጣ፤ በ2000 ብሔራዊው ምክር ቤት ተቋቋመ።

ሬዲዮም ቀስ በቀስ ቃናውን ለወጠ። ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ጉዳዩን ከስብከት ወደ ቤተሰብ ታሪክ አወረደው። በ2004 «ወገን» የተሰኘው ነጻ የስልክ መስመር በ952 ቁጥር ሥራ ጀመረ፤ ስሙን ሳይናገር መጠየቅ የሚፈልግ ወጣትም የሚደውልበት አገኘ። በ2005 የጀመረው «ቤተኛ» ደግሞ ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በራሳቸው አንደበት የሚያወጉበት ነበር። እናትና ልጅ በአንድ ክፍል ቤት ተቀምጠው አንድ ሬዲዮ ሲያዳምጡ፣ በቀጥታ ሊያነሡት የማይደፍሩትን ነገር በሌላ ሰው ታሪክ ሽፋን መነጋገር ቻሉ።

ከመቃብር ወደ አልጋ ዳር

የሆስፒታል አልጋዎች ሲሞሉና ሕሙማን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንክብካቤው በቤተሰብ፣ በተለይም በእናቶችና በእኅቶች ጫንቃ ላይ ወደቀ። በ1999 በነርስ መሪነት ሥራ የጀመረው ሕይወት የኤች አይ ቪ/ኤድስ መከላከል፣ እንክብካቤና ድጋፍ ድርጅት የቤት ለቤት እንክብካቤን ከዕድሮች ጋር አያይዞ አስፋፋ። ዕድሮች ከአባሎቻቸው መካከል በጎ ፈቃደኞችን መረጡ፤ የተመረጡትም ሠልጥነው በገዛ ሰፈራቸው ተሰማሩ።

ሥራው በወረቀት ሲታይ ቀላል ይመስላል። የታማሚውን ገላ ማጠብ፣ አንሶላ መለወጥ፣ ቁስል ማጽዳት፣ ለተቅማጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጥብጦ ማጠጣት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በሰዓቱ መወሰዱን መከታተል፣ ሲብስበት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። ውጤቱ ግን ከታማሚው አልፎ ሄደ። ለዓመታት «አብሮ መብላትና መጨባበጥ አያስተላልፍም» የሚለውን ቃል ሰምቶ ያላመነ ጎረቤት፣ የሚያውቃት የዕድር አባል ታማሚውን አቅፋ ስታጎርስ በዓይኑ አየ። ጓንት መቼ እንደሚያስፈልግና መቼ እንደማያስፈልግም ከእርሷ ተማረ። የተለየ ሰሃንና የተለየ መጸዳጃ የመስጠት ልማድ መሸርሸር የጀመረው በዚህ መንገድ ነው። በጎ ፈቃደኛዋ እምነት ካገኘች በኋላ የታማሚው የትዳር ጓደኛ እንድትመረመር፣ ልጆቹም እንዲታዩ መምከር ቻለች። መከላከል ወደ ብዙ ቤቶች የገባው በእንክብካቤ በር ነበር።

አንዳንድ ዕድሮች ከዚህም አልፈው መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። ከቀብር ወጪ ሌላ ለታመመ አባል እርዳታ ፈቀዱ፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የወላጆቻቸውን አባልነት እንዲወርሱ አደረጉ፤ ደብተርና የትምህርት ቤት ልብስ ገዙ። ቀድሞ ስለ በሽታው ቃል ያልተነገረበት ጉባኤ «አባላችን ሳይሞት ምን እናድርግለት?» ብሎ መወያየት ጀመረ።

ከዚሁ ጎን ለጎን የማኅበረሰብ ውይይት የተባለው ዘዴ ተስፋፋ። በ2002 ገደማ በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ በአላባና በያቤሎ የተጀመረው ይህ ዘዴ ወደ ከተማ ቀበሌዎችም መጣ። በሰፈር ልማድ መሠረት ቡና ተፈልቶ፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ የቤት እመቤቷና የሃይማኖት አባቱ በየጊዜው ይሰበሰባሉ። አወያዩ እንደ አስተማሪ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄ እያነሣ ሰፈሩ ራሱ አደጋውን እንዲለይና ውሳኔ እንዲያሳልፍ ያደርጋል። ስለ ጫት ቤቶች፣ ስለ ቤት ሠራተኞች መደፈር፣ በዕድሜ ከሚበልጧቸው ወንዶች ጋር ስለሚውሉ ልጃገረዶች የተነሣው ክርክር ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ለኑሮው የቀረበ ነበር።

በትዳር ውስጥ የቀረው ዝምታ

ይሁንና ከሰፈሩ ይልቅ ቤተሰቡ ራሱ ለመናገር የከበደ ቦታ ሆኖ ቆየ። በአማርኛ ከተላለፉት መልእክቶች አንዱ «መተማመን» የሚለው ነበር። ቃሉ የታማኝነትንና እርስ በርስ የመተማመንን ትርጉም በአንድነት ይይዛል። ሚስት ባሏን ማመኗ ግን ከቫይረሱ አያድናትም፤ ሊያድን የሚችለው የሁለቱም በእውነት ለአንድ መወሰንና ራሳቸውን ማወቅ ነው። ባሏን ኮንዶም የጠየቀች ሴት ደግሞ አላመነችውም፣ ወይም ራሷ ተጠርጣሪ ናት ተብላ ተወቀሰች። ስለዚህ መልእክቱ በአንዳንድ ቤቶች የታሰበለትን ተቃራኒ ሠራ።

በ2000ዎቹ ከጋብቻ በፊት መመርመር እየተለመደ መጣ፤ የሃይማኖት ተቋማትም ጥንዶችን ወደ ምርመራ ላኩ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የምርመራ ወረቀቱን ለዕድሜ ልክ ዋስትና አድርጎ መቁጠር፣ ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ በምርመራ ሳይታይ የሚቆይበት ጊዜ መኖሩን መርሳት፣ አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት ጥንድ መኖሩን አለመረዳት የተለመዱ ስሕተቶች ነበሩ። በእርግዝና ክትትል ምርመራ ሲስፋፋም ብዙውን ጊዜ ውጤቷን አስቀድማ የምታውቀው ሚስት ሆነች። አስቀድማ በማወቋም በሽታውን ያመጣችው እርሷ ተደርጋ ተከሰሰች። ባሎችን ለክትትል መጋበዝና ጥንዶችን አብሮ ማማከር የተጀመረው ይህን ጉዳት ለመቀነስ ነው።

በወላጅና በልጅ መካከልም ምክሩ «ተጠንቀቂ» ከሚለው ቃል ብዙም አልራቀም። ከምን፣ እንዴት፣ ከማን ጋር የሚለው ሳይነገር ቀረ። ወላጆች መናገር አለመፈለጋቸው ብቻ ሳይሆን ለነገሩ ነውር ያልሆነ የቤት ውስጥ ቃል ማጣታቸውም አንዱ ምክንያት ነበር።

መድኃኒቱ ሲመጣ

በ2003 የፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር። መክፈል የሚችል ጥቂት ስለነበር መድኃኒት ማግኘትና አለማግኘት በቤተሰብ አቅም ተወሰነ። በጥር 2005 ነጻ ሕክምና ሲጀመር ግን ሁኔታው ከሥሩ ተለወጠ። በመካነ መቃብሮቹ የቀጠለው ምዝገባ በሚቀጥሉት ዓመታት በጎልማሶች ዘንድ በኤድስ ምክንያት የሚደርሰው ሞት በግማሽ ያህል መውረዱን አሳየ። መመርመር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስገኘው ጥቅም ታየ።

መድኃኒቱን ለመቀበልም የማኅበረሰቡ ድምፅ አስፈልጓል። በእንጦጦ ለጠበል የተሰበሰቡ ብዙ ሕሙማን መድኃኒት መውሰድን የእምነት መጉደል አድርገው ያዩት ነበር። በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ ሐኪም በብዙ ምክር ሊፈታው ያልቻለው ችግር መፍትሔ አገኘ።

ሁሉንም ለውጥ ለመድኃኒቱ መስጠት ግን ስሕተት ይሆናል። በመሐል ከተማ ጤና ጣቢያዎች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 24 በሆኑ ነፍሰ ጡሮች መካከል በ1995 24 በመቶ ገደማ የነበረው ሥርጭት በ2001 ወደ 15 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። በዚህ ዕድሜ የሚታየው ቁጥር በአመዛኙ አዲስ መያዝን ስለሚያመለክት፣ ነጻው ሕክምና ከመጀመሩ አራት ዓመት በፊት በወጣቶቹ ኑሮ ውስጥ አንድ ነገር መለወጥ ጀምሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዕድር ውጪ የቀሩት

የዕድር ብርታት አባላቱን ማወቁ ነው፤ ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ተከራዮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ሴተኛ አዳሪዎች፣ ከገጠር የመጡ የቀን ሠራተኞችና የጎዳና ልጆች በብዛት በዕድር መዝገብ አልነበሩም። ለቫይረሱ ይበልጥ የተጋለጡት አብዛኞቹ እንግዲህ ከመረዳጃው አጥር ውጪ ነበሩ። ከዚህም ሌላ እርዳታ ለማግኘት ራስን መግለጥ ግድ ሲሆን፣ ዱቄትና ዘይት ለመቀበል የተሰለፈ ሰው ምስጢሩ ለመንደሩ ተገለጠበት። በጎ ፈቃደኞቹ፣ አብዛኞቹ ራሳቸው ችግረኛ የሆኑ ሴቶች፣ ያለ ክፍያ ብዙ ሸክም ተሸከሙ። የለጋሾች ገንዘብ ሲቀንስ ጥረቱ የቀዘቀዘባቸው ሰፈሮችም አሉ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እንደ ልደታ ያሉ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲበተን ደግሞ፣ በዓመታት የተገነባው መተዋወቅ አብሮ ተበተነ።

በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የቤት ለቤቱን ሥራ ደመወዝ ለሚከፈላቸው ነርሶች ሰጠ። ይህ ሙያዊ ብቃትንና ቀጣይነትን አምጥቷል። ጎረቤት የነበራት እምነት ግን ከደንብ ልብስ ጋር አብሮ አይታደልም፤ ባለሙያዋ በየደጃፉ ልታገኘው ይገባል።

ለዛሬ የሚተርፈው

በ2016ቱ ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ ከጎልማሶች 3.4 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ነበር፤ በ2005 ይኸው ቁጥር 4.7 በመቶ ነበር። በ2017 እና 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደው ጥናት ደግሞ አንድ አስፈላጊ ነገር አሳይቷል። ቫይረሱ በደማቸው ከተገኘ ጎልማሶች መካከል ይህንን የሚያውቁት 79 በመቶ ነበሩ። ካወቁት ውስጥ 97 በመቶው መድኃኒት ጀምረዋል፤ ከጀመሩትም 88 በመቶ ገደማ የቫይረሱ መጠን በደማቸው እጅግ ዝቅ ብሏል። ሰንሰለቱ የላላው በመጀመሪያው መያዣ፣ ማለትም በማወቅ ላይ ነው።

ያላወቀውን ለማግኘት ዛሬ የሚሠራበት ዋና መንገድ የታወቀውን ሰው የትዳር ጓደኛና ልጆች መመርመር ነው። ይህም ባለሙያውን በ1990ዎቹ መጨረሻ የዕድር በጎ ፈቃደኛዋ ወደ ቆመችበት ደጃፍ ይመልሰዋል። ያኔ የነበረው ልምድ የሚያስተምረው ቅደም ተከተል አለ፤ አስቀድሞ እንክብካቤ፣ ቀጥሎ እምነት፣ ከዚያ በኋላ ምርመራ። ስም አስጠርቶ ዝርዝር መሙላትን ከምክር ያስቀደመ ባለሙያ የሚያገኘው የድሮውን «በርድ ነው» የሚል መልስ ነው።

ዛሬ በባለሙያው እጅ ያኔ ያልነበረ መልካም ዜና አለ። መድኃኒቱን በአግባቡ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ይህ እውነት በክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እንዳይቀር ወደ ዕድር ጉባኤ፣ ወደ ቡና ሥነ ሥርዓትና ወደ ኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ መድረስ ይኖርበታል። ያለ ዕድር የሚኖሩት ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ደግሞ ይህን የሚሰሙበት የራሳቸው መንገድ ሊዘጋጅላቸው ይገባል። ባለፈው ጊዜ አጥሩ ውጪ የቀሩት እነርሱ ነበሩና።